የጋሽ ምናሴ ሃምሳ ኪሎ ሜትር

ባለፈው ወር እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት ሠፈር ከሚገኝ ፋርማሲ ለእናቴ መድኃኒት ልገዛ ተራ ይዤ ነበር። ፋርማሲስቷ አዲስ የቁስል ፕላስተር ከካርቶኑ አወጣችና ጫፉን በጥፍሯ ፈልፍላ ሳብ አደረገችው። መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው፤ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት። ከዚያ ሽታው ደረሰ፤ ሙጫ፣ ጎማ፣ ከሥሩ ደግሞ ሆስፒታል ሆስፒታል የሚል ነገር። ተራዬ ደርሶ ስጠራ አልሰማሁም። ከኋላዬ የቆሙ ሴትዮ በሶማሊኛ አንድ ነገር ሲያጉረመርሙ ደንግጬ ወደ ፊት ተጠጋሁ።

ያ ሽታ ለእኔ የቁስል ሽታ አይደለም። የዓርብ ጠዋት ሽታ ነው። ጋሽ ምናሴ ዓርብ ዓርብ ጠዋት የፕላነሩ ክንፍ ከገላው ጋር የሚገናኝበትን ስንጥቅ በዚህ ነጭ ፕላስተር ይደፍኑ ነበር። ለዚሁ ሥራ ተብሎ ከፈረንሳይ የሚመጣ ፕላስተር አለ፤ እሱን ግን የክለቡ አባላት ለራሳቸው በረራ ያስቀምጡታል። ጋሽ ምናሴ የፋርማሲውን ይገዛሉ። እኔ ጥቅልሉን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ፤ እሳቸው በአውራ ጣታቸው እየጫኑ፣ አንዲት ፊኛ አየር እንኳ ከሥሩ እንዳይቀር እየደፈጠጡ ይሄዳሉ። "በዚህ ደካማ አየር የምናባክነው ነገር የለንም" ይሉ ነበር።

ፕላነር የምንለው ሞተር የሌለውን አውሮፕላን ነው። ከፈረንሳይኛ የወሰድነው ቃል ነው፤ እኔ በአማርኛ ሌላ ስም እንዳለው ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ጋሽ ምናሴ ካርቲየ አምስት ውስጥ የእኛ ግቢ ተከራይ፣ የእኛ ክፍል ጎረቤት ነበሩ። ሥራቸው ክሊም መጠገን ነው፤ ጅቡቲ ላይ አየር ማቀዝቀዣን ሌላ ስም የሚጠራው የለም። ክፍላቸው በመዳብ ቱቦ፣ በተበተኑ ሞተሮችና በጋዝ ጠርሙስ የተሞላ ነበር። አልጋቸው ራስጌ ላይ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ አለ፤ አንደኛው በር ስለማይዘጋ በላስቲክ ታስሯል። ግድግዳው ላይ የሚሰቅሉት የመርከብ ድርጅት የቀን መቁጠሪያ ዓመቱ ቢያልፍም አይወርድም፤ የወሩ ሥዕል ደመና ስለሆነ።

በወጣትነታቸው ለአብራሪነት ትምህርት ወደ ውጭ ተልከው ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት የተማሩት በፕላነር ነው። ወደ ሞተሩ አውሮፕላን ሊሸጋገሩ ሲሉ አገር ቤት መንግሥት ተለወጠ፤ ትምህርቱም ተቋረጠ፤ እሳቸውም ዞረው ዞረው ጅቡቲ ደረሱ። ስለዚህ ጋሽ ምናሴ መብረር የሚችሉት ያለ ሞተር ብቻ ነበር። አባቴ ወደብ ላይ የትራንዚት ሠራተኛ ነው፤ ማታ በር ላይ ሲቀመጡ በዚህ ይቀልድባቸው ነበር። "ምናሴ፣ እግዜር ክንፍ ሰጥቶ ሞተር የነሳህ ሰው" ይላቸዋል። ይስቃሉ።

የበረራ ክለቡ የፈረንሳዮች ነበር። ከባልባላ በስተጀርባ፣ ከዋራበሌ ቤቶች ማዶ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ የተደለደለ ሜዳ ላይ አንድ የቆርቆሮ ሃንጋር፣ የፕላነር ማደሪያ፣ አላቸው። ኃላፊው ሙሴ ዣክ የሚባሉ ረዥም ቀጭን ሰው ናቸው፤ ቆዳቸው በፀሐይ ብዛት እንደ ቀይ ሸክላ ሆኗል። ጋሽ ምናሴ መጀመሪያ የሄዱት የሙሴ ዣክን ክሊም ሊጠግኑ ነው። ከዚያ በኋላ የክለቡን ዕቃ በሙሉ እየጠገኑ በምትኩ እንዲበሩ ተፈቀደላቸው። ፈረንሳይኛቸው ግን ከዕቃ ስም አያልፍም። እኔ የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ተማሪ ስለሆንኩ አስተርጓሚ ሆኜ አብሬ እንድሄድ አባቴን አስፈቀዱ። ዕድሜዬ ወደ አሥራ ሁለት ነበር። ሰው ፊት ስሜን መናገር የሚያስጨንቀኝ ልጅ ነበርኩ፤ የሌላ ሰው ቃል ማድረስ ግን አይከብደኝም። ቃሉ የእኔ ስላልሆነ የሚያሳፍረኝ ነገር አልነበረም።

ፕላነር የሚነሳው በዊንች ነው። ከሜዳው ዳር የቆመ የአሮጌ ካሚዮን ሞተር ረዥሙን የብረት ገመድ በፍጥነት ይጠቀልላል፤ ፕላነሩ እንደ ካይት ሽቅብ ይወጣል፤ ከላይ ገመዱን ይለቃል። ከዚያ ወዲያ የሚያቆየው መሬት አሙቆ ወደ ላይ የሚልከው አየር ብቻ ነው። ያንን ሽቅብ አየር ካገኘ በላዩ እየዞረ ከፍ ይላል፤ ከፍታውን እየበላ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ካላገኘ ይወርዳል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጅቡቲ የሽቅብ አየር አገር ናት፤ ግን በሙቀቱ ወራት። ያን ጊዜ ፈረንሳዮቹ ለዕረፍት አገራቸው ይገባሉ፤ ሃንጋሩ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይቆለፋል። ክለቡ የሚከፈተው ቀዝቃዛዎቹ ወራት ሲገቡ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የባሕሩ ነፋስ ሜዳውን ያቀዘቅዘዋል፤ ሽቅቡ አየር ዘግይቶ ይነሳል፣ ደካማ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። "ሰማዩ ሥራ ሲከፍት ክለቡ ይዘጋል፤ ክለቡ ሲከፍት ሰማዩ ይዘጋል" ይሉኝ ነበር ጋሽ ምናሴ። እንደ ቀልድ ነበር የሚሉት። እየቆየ ግን ቀልድነቱ ጠፋ።

በዚህ ላይ ዓርብ አለ። ዊንቹን የሚነዳው አብዲ የሚባል የሠፈሩ ሰው ነው፤ አማርኛን ከከባድ መኪና ሾፌሮች የተማረ፣ ስድቡን ሳይቀር። ክለቡ የሚሠራው ዓርብ፣ በዕረፍት ቀን ነው። አብዲ እኩለ ቀን ላይ ለጁምዓ ሶላት ይሄዳል። ከሶላት ሲወጣ ሰባት ሰዓት ይሆናል፤ ሰባት ሰዓት ላይ ደግሞ ከኢትዮጵያ የተጫነው ጫት ከተማ ይገባል። ጫት ከገባ በኋላ አብዲን ዊንች ላይ የሚያስቀምጥ ኃይል የለም። በቀዝቃዛው ወቅት ደህና ሽቅብ አየር የሚነሳው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ጋሽ ምናሴ ሁልጊዜ የሚነሱት ገና አየሩ ሳይነቃ፣ አብዲ ሰዓቱን እያየ ሳለ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሃምሳ ኪሎ ሜትር መብረር ነበረባቸው። የክለቡ ደንብ ነው፤ ከሜዳው ተነስቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ያረፈ ሰው በኃላፊነት ደረጃ ይመዘገባል፤ የበጋውን፣ ማለት የሙቀቱን ወራት፣ የሃንጋር ቁልፍ ሊይዝ የሚችለው እንዲህ ያለ ሰው ብቻ ነው። ሙሴ ዣክ ቃል ገብተውላቸዋል። ሃምሳውን ካመጡ ቁልፉ በእጃቸው ይቀራል፤ ያ ሁሉ ሐምሌ፣ ያ ሁሉ ነሐሴ የእሳቸው ይሆናል። ሙሴ ዣክ ግን በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ሥራቸውን ጨርሰው ጨርሶ ሊሄዱ ነበር። የሚተካቸው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

የዚያን ዓመት ቅዝቃዜ ሳስታውስ የማስታውሰው መንገድ ላይ መንከራተት ነው። ፕላነሩ ሲነሳ እኔና ሙሴ ዣክ ረዥሙን ተጎታች ከላንድክሩዘሩ ኋላ አስረን በዋናው መንገድ እንከተላለን፤ የወደቀበት ሄደን እንድንጭነው። ብዙም ሳንሄድ እናገኛቸዋለን። አንዴ የፍየል በረት አጠገብ፣ አንዴ ከመንገዱ ማዶ የእሾህ ዛፍ ሥር። ሁልጊዜ በክንፉ ጥላ ተቀምጠው፣ ጫማቸውን አውልቀው አሸዋ ሲያራግፉ። ሙሴ ዣክ "ሳምንት" ይላሉ። እኔ "ሳምንት ይላሉ" እላለሁ። ጋሽ ምናሴ "ገብቶኛል፣ ይህቺን እንኳ አትተርጉሚያት" ይሉኛል። አብዲ ደግሞ በሚቀጥለው ዓርብ ሲያያቸው "ጋሽ ምናሴ፣ ባለፈው በእግር ብትሄድ ይሻልህ ነበር" ይላል።

ከዚያ የካቲት ላይ አንድ ዓርብ ጫቱ ዘገየ።

ለምን እንደዘገየ ማንም አያውቅም። ድልድይ ተሰበረ ያለ አለ፤ ኬላ ላይ ተያዘ ያለም አለ። ከተማው በሙሉ ተነጫነጨ። አብዲ ከሶላት በኋላ ወደ ሜዳው ተመልሶ መጥቶ ዊንቹ ሥር ቁጢጥ አለ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

"ምነው ተመለስክ?" አሉት ጋሽ ምናሴ።

"ጫት የለም። ቤት ሄጄ ምን ላድርግ፣ ከሚስቴ ጋር ልጣላ?"

ጋሽ ምናሴ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ከዚያ ወደ ፕላነሩ ሮጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ተነሱ። ሬዲዮው እኔ ዘንድ ነው፤ እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ ለሙሴ ዣክ በፈረንሳይኛ አደርሳለሁ። "በሰከንድ ግማሽ ሜትር ሽቅብ።" "ዜሮ።" "እየወረድኩ ነው።" ዝም ይላሉ። የመኪናው መስኮት ክፍት ነው፤ ጥቁሩ ድንጋይ ሙቀቱን ወደ ፊታችን ይተፋል። "ግማሽ አገኘሁ። በጣም ጠባብ ናት፣ ጨምቄ እየዞርኩ ነው።" እንዲህ እያሉ፣ እየወረዱና ጥቂት እየወጡ፣ ከዚህ በፊት ከወደቁበት ቦታ ሁሉ አለፉ። ሙሴ ዣክ መሪውን በጣታቸው ይመታሉ። የመጨረሻ የሰማሁት፣ "ሁለት አሞራዎች ወዲያ ማዶ ይዞራሉ። እነሱ ያውቃሉ፤ እነሱ ጋ ልሂድ" የሚለውን ነው። ከዚያ ተራራው ሬዲዮውን ቆረጠው።

ዌአ ላይ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ቆመን ጠበቅን። ከበረሃው ወደ ወደብ የሚወርዱ ባዶ ካሚዮኖች፣ ከወደብ የሚወጡ ጭነቶች፣ ያ የናፍጣና የጎማ ሽታ። ሻዬ ቀዘቀዘ። ፀሐይዋ ማዘንበል ስትጀምር አንዲት ፒክአፕ አቧራ እያስነሳች መጥታ ቆመች። ከኋላዋ ጋሽ ምናሴ ዘለው ወረዱ። እኔን አልጠበቁም። በራሳቸው አፍ፣ በዚያች በዕቃ ስም ፈረንሳይኛቸው፣ ለሙሴ ዣክ "ሳንካንት" አሏቸው። "ሳንካንት፣ ፕሉስ።" ሃምሳ፣ ከዚያም በላይ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ አፈሰሱት፤ ትንሹን ባራ አልፈው፣ ትልቁ ባራ ሜዳ ጫፍ ላይ ነው ያረፉት። ስልክ ሊፈልጉ መጡ እንጂ ፕላነሯ እዚያው አለች።

ሙሴ ዣክ ጨበጧቸው፤ ከዚያ አልበቃቸውም፣ አቀፏቸው። ፕላነሯን ማን እንደሚጠብቅ ጠየቁ።

"መንገድ ዳር ለቆሙ ሾፌሮች አደራ ሰጥቻለሁ" አሉ ጋሽ ምናሴ። "የእኛው ልጆች ናቸው።"

ደንቡ ሙሴ ዣክ ፕላነሯን ባረፈችበት ቦታ በዓይናቸው እንዲያዩ ይጠይቃል። ብርሃን ሳይጠፋ ልንደርስ ተጣደፍን። ጋሽ ምናሴ ከፊት ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ስለ ሐምሌ ያወሩኝ ነበር። በሐምሌ እስከ ዲኪል ሄዶ መመለስ እንደሚቻል፣ ከዚያም ወዲያ እንደሚቻል።

መንገዱ ሲታጠፍ አንድ ባዶ መሆን የነበረበት ካሚዮን ከፊታችን መጣ። ጭነት መያዣው ላይ ነጭ ነገር ተጭኗል። ጋሽ ምናሴ ያወሩት የነበረውን መሃል ላይ አቆሙ።

ካሚዮኑ መብራቱን እያበራ ቆመ። ከጋቢናው የወረደው ሾፌር ሲሳይ ይባላል፤ በአንገቱ ፎጣ የጠመጠመ ጎልማሳ። ከኋላው ሌሎች ሁለት ካሚዮኖች ቆሙ፤ እነሱም አብረው የጫኑት ናቸው።

"ጋሼ፣ ሳንጠይቅዎ ነው፣ ይቅር ይበሉን" አለ። ፊቱ ግን ሽልማት የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። "ነፋሱ ሲነሳ ክንፏ መነሳት ጀመረች። አደራ ብለውን በረሃ ላይ ተሰብራ ብትቀር ምን እንላለን? ፈልገን ፈልገን ክንፏን የሚይዘውን ፒን አገኘንና ነቀልነው። ፍራሻችንን ሁሉ አንጥፈን ነው የጫንናት። ይዩዋት፣ ጭረት የለባትም።"

እውነቱን ነው። ክንፎቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ በሸራ ገመድ ታስረው ተኝተዋል። ያ ነጭ ፕላስተር እንኳ ሳይቀደድ ተነስቶ ገላዋ ላይ በሥርዓት ተለጥፏል። ጋሽ ምናሴ እጃቸውን ክንፉ ላይ አድርገው ለጥቂት ጊዜ ቆሙ።

ሙሴ ዣክ የት እንዳገኟት እንድጠይቅ ነገሩኝ። ጠየቅሁ።

ሲሳይ መልሶ እኔን ጠየቀኝ። "ርቀቱን ነው የፈለገው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ይኼ ምን ችግር አለው" አለና ወደ ሙሴ ዣክ ዞሮ በእጁ ወደ ምዕራብ ጠቆመ። "ዲኪል መታጠፊያው ጋ።"

ከኋላ አንዱ ሾፌር፣ "ኧረ ከዚያም ያልፋል" አለ።

ሦስተኛው ደግሞ ለትርጉም አልጠበቀኝም። ራሱ ሙሴ ዣክ ፊት ቆሞ "ጋላፊ፣ ጋላፊ" አላቸው። ጋላፊ ድንበሩ ነው፤ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል።

"ተዉ ልጆች" አሉ ጋሽ ምናሴ። "እውነቱን ንገሩት። ባራው ጫፍ ነው።"

ሲሳይ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ ለፈረንጅ ምን ያሳንሱለታል?" አላቸው።

የሙሴ ዣክ ፊት ቀስ በቀስ ሲዘጋ አየሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። እንሂድና የጎማዋን ዱካ እንፈልግ አሉ። ሄድን። ባራው ጠፍጣፋ፣ የደረቀ፣ እንደ ሸክላ የጠነከረ ሜዳ ነው። ሦስት ካሚዮኖች ፕላነሯን ሊያነሱ ገብተው፣ ዞረው፣ ወደ ኋላ ብለው፣ ሜዳውን በጎማ ዱካ ሞልተውታል። ነፋሱም የራሱን ሠርቷል። ጋሽ ምናሴ አጎንብሰው ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ። "እዚህ ነበረች" ይላሉ፤ ጥቂት ሄደው ደግሞ "አይ፣ እዚያ።" ፀሐይዋ ገባች።

ሙሴ ዣክ የተናገሩትን መተርጎም ነበረብኝ። በሕይወቴ ብዙ ተርጉሜያለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ የለም።

"አምንሃለሁ። ነገር ግን ያየኋት መኪና ላይ ነው። ማመኔ ብቻ አይበቃም።"

ጋሽ ምናሴ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ለሾፌሮቹ ይህን እንዳልነግራቸው ለመኑኝ።

ሾፌሮቹ ዌአ ላይ ሩዝና የፍየል ሥጋ አዘው ይጠብቁን ነበር። መካከላቸው አስቀመጧቸው። አንዱ "ጋሼ፣ ነዳጅ ሳይሞሉ ነው እንዴ የወጡት?" አለ። ሌላው "ጎማዋ እኮ አንድ ነው፣ ትርፍ ጎማም የላትም፣ በዚህ መንገድ!" አለ። ጋሽ ምናሴ እስኪያነቡ ሳቁ። የውሸት ሳቅ አልነበረም፤ ይህ ነው እስካሁን የማይገባኝ። ሊለያዩ ሲሉ ሲሳይ፣ "አደራዎን ተወጣን አይደል?" አላቸው። "ከአደራም በላይ ነው ያደረጋችሁልኝ" አሉትና ትከሻውን ሳሙት።

ወደ ከተማ ስንመለስ ሙሴ ዣክ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ ይነዳሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ መታገሥ አቃተኝ።

"ለምን አልነገሯቸውም?"

"ምን ብዬ?"

"ያደረጉትን። ምን እንዳበላሹ።"

"አደራ ያልኳቸው እኔ ነኝ። አደራዬን ቢበሉ እቆጣ ነበር፤ አልበሉም። 'አትንኩ' ማለት ነው ያልመጣልኝ" አሉ።

እኔ ግን ተናደድኩ፤ ንዴቴ ዛሬም አልወጣልኝም። የሚያናድደኝ ጥፋተኛ አለመኖሩ ነው። ሲሳይን ልጠላው ሞክሬያለሁ፣ ፍራሹን አንጥፎ የጫነ ሰው እንዴት ይጠላል። ሙሴ ዣክም ደንቡን ጠበቁ እንጂ አልዋሹም። በሚቀጥሉት ዓርቦች ጫቱ በሰዓቱ ገባ፤ አብዲም በሰዓቱ ሄደ። ግንቦት ላይ ሙሴ ዣክ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ፣ ሃንጋሩ ተቆለፈ፤ የተተኩት ሰው ስለ አንድ ክሊም ጠጋኝና ስለ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሲነገራቸው በትሕትና ሰምተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ክለቡ ተዘጋ፤ ፕላነሯ በኮንቴይነር ተጭና ወጣች።

የዚያን ዓመት ሐምሌ ጋሽ ምናሴ የየፎቁን ጣሪያ ሲወጡ ሲወርዱ ነው የከረሙት። የሙቀት ወር ለክሊም ጠጋኝ የሥራ ወር ነው። አንድ ቀን የእኛን ግቢ ክሊም ሊያዩ ጣሪያ ላይ ሳሉ ውሃ ወሰድኩላቸው። ፊታቸውን ወደ ደቡብ ምዕራብ አድርገው ቆመዋል። ውሃውን ተቀብለው ሳይጠጡ፣ "ነይ እዪ" አሉኝ። ደመናው ሥሩ እንዴት እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ እንደሚሆን፣ ከእያንዳንዱ ሥር ሽቅብ አየር እንዳለ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እንዴት እንደሚኬድ አሳዩኝ። ከዚያ ካቻቢቴያቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው ጎንበስ አሉ። ስለዚያ ቀን ያወሩኝ ያኔ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ደመና ነበር። ኋላ ድሬዳዋ ገቡ፤ አምና ማረፋቸውን አንድ ሾፌር ለአባቴ ነገረው።

እኔ አሁን ወደብ አጠገብ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። የሙቀቱ ወራት ሲመጣ ሰው ሁሉ ከሰዓት በኋላ አንገቱን ደፍቶ ጥላ ለጥላ ይሮጣል። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ቀና እላለሁ። ዘበኛው ምን እንደማይ ጠይቆኝ ያውቃል፤ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ነው ብዬው ገባሁ። ከአርታ ተራሮች በላይ ነጫጭ ደመናዎች በተርታ ይቆማሉ፤ አንዱ ከሌላው ሳይርቅ፣ ሥራቸው እኩል፣ ከዓይን እስኪጠፉ ወደ ውስጥ አገር ይዘልቃሉ። ከሥራቸው ባለው መንገድ ካሚዮን ካሚዮንን ተከትሎ ይወጣል። ከላይ ያለው መንገድ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው፤ የሚሄድበት የለም።